ተጥሎ የቀረውን መሬት መልሶ ስለ ማልማት

ለገጠር አስተማሪዎችና ለአገር ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ትምህርት

ከሰው ሀብት ሁሉ መሬትን የሚያህል የለም። ገንዘብ ቢጠፋ በሥራ ይተካል፤ ከብትም ቢያልቅ ከዘመድ ተገኝቶ ይረባል፤ መሬት ግን አፈሩ አንድ ጊዜ ከታጠበ በኋላ የአባት ዕድሜ ቀርቶ የልጅ ልጅ ዕድሜ እንኳ ለመመለሱ ላይበቃ ይችላል። ይህም ሆኖ ሳለ ሰው ሲጠቀምበት ኖሮ የተወው፥ ለእርሻም ለግጦሽም ለቤትም የማይሆን መሬት በየአገሩ ሞልቷል። በዚህ ትምህርት የሚነገረው ነገር ሦስት ነው። መጀመሪያ፥ መሬት እንዴት እንደሚጣልና ጉዳቱ ለማን እንደሚተርፍ፤ ሁለተኛ፥ መልሶ ማልማቱ ስለ ምን በአንድ ሰው ጉልበት እንደማይሆን፤ ሦስተኛ፥ የወረዳና የቀበሌ አስተዳደር ከሕዝቡ ጋራ ሆኖ ሥራውን በምን ሥርዓት ሊፈጽመው እንደሚገባ ነው።

1. የተጣለ መሬት የሚባለው የትኛው ነው

የተጣለ መሬት ማለት ሰው ሲሠራበት፥ ሲቈፍረው ወይም ያለ ልክ ሲያስግጠው ኖሮ እጅግ ከመጎዳቱ የተነሣ አስቀድሞ ካልታከመ በቀር ለምንም የማይጠቅም መሬት ነው። ይህ ከጠፍ መሬት ይለያል። ጠፍ የሚባለው ባለቤቱ በመሞቱ ወይም በመሰደዱ ሳይታረስ የቀረው ነውና፥ አፈሩ ደኅና ስለ ሆነ በሬና ዘር ቢገኝለት በዓመቱ እህል ይሰጣል። ጦም ያደረ ማሳም እንዲሁ ነው፤ ማረፉ ኀይል ይጨምርለታል እንጂ አይጎዳውም። የተጣለው መሬት ግን ዝም ብለው ቢተዉት ይብሳል እንጂ አይድንም። ዘንድሮ አንድ ክንድ ጥልቀት ያለው ቦረቦር ከክረምት በኋላ ሁለትና ሦስት ክንድ ሆኖ ይገኛል።

ፋብሪካና ማዕድን በበዛበት አገር የተጣለ መሬት የሚባለው የከሰል ማዕድን ቈሻሻ ክምር፥ ውሃ የሞላበት የማዕድን ጉድጓድና መርዝ የጠጣ የፋብሪካ ግቢ ነው። በደብረ ታቦርና በአንበሳሜ ዙሪያ ባለው ደጋ ግን ዐይነቱ ሦስት ነው። አንደኛው ጎርፍ የሸረሸረው ቦረቦር ነው፤ ሁለተኛው ዛፉ ተቈርጦ፥ ሣሩ በከብት ተረግጦ ድንጋዩ ብቻ የቀረው ኮረብታ ነው፤ ሦስተኛው ለመንገድና ለቤት ሥራ ድንጋይ ሲወጣበት ኖሮ ሳይደፈን የተተወው የድንጋይ ካባ ነው። መነሻው ቢለያይም የሁሉም ጠባይ አንድ ነው። ጥቅሙን የወሰደው ሰው ሄዷል፤ ጉዳቱ ግን ከስፍራው አልሄደም።

2. ጉዳቱ ለማን እንደሚተርፍ

ብዙ ሰው፦ የተጣለ መሬት ባለቤት የለውም፤ ባለቤት ከሌለውም ማንንም አይጎዳም ብሎ ያስባል። ይህ ሐሳብ ስሕተት መሆኑን ለማስረዳት ለአስተማሪዎች ሁሉ የሚከብድ አንድ ታሪክ አለ።

በታላቋ ብሪታንያ፥ ዌልስ በሚባለው ተራራማ አገር፥ አበርፋን የምትባል የከሰል ቈፋሪዎች መንደር አለች። ከከሰሉ ጋራ የሚወጣው አፈርና ድንጋይ ለብዙ ዓመታት ከመንደሩ በላይ ባለው ተራራ ላይ ይከመር ነበር። ሰባተኛው ክምር የተከመረው ምንጭ በሚፈልቅበት ስፍራ ላይ ነው፤ ከእርሱም በታች የልጆች ትምህርት ቤት ነበረ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1963 የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ ከትምህርት ቤቱ በላይ የሚከመረው የከሰል ጭቃ አደገኛ መሆኑን በደብዳቤ አስታውቆ ነበር። ክምሩ ግን የከሰል ቦርዱ ነበረና መከመሩ አልቆመም። ጥቅምት 11 ቀን 1959 ዓ.ም. ከጧቱ በሦስት ሰዓት ከሩብ ገደማ፥ ልጆቹ ለትምህርት ተቀምጠው ሳሉ፥ በዝናብና በምንጭ ውሃ የራሰው ክምር ተንዶ ወረደና ትምህርት ቤቱን ደፈነው። 144 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም 116ቱ ልጆች ነበሩ።

ነገሩን የመረመረው ጉባኤ ጥፋቱ የከሰል ቦርዱ መሆኑን ገለጸ። ይሁን እንጂ በተራራው ላይ የቀሩትን ክምሮች ለማንሣት፥ ለተጎዱት ቤተ ሰቦች ከተዋጣው ገንዘብ ላይ 150,000 ፓውንድ ተወሰደ፤ ይህም ገንዘብ የተመለሰው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1997 ነው። እንግዲህ ከሰሉን የሸጠው ሌላ፥ ልጁን የቀበረው ሌላ፥ ክምሩን ለማንሣትም ከኪሱ የተወሰደበት ይኸው ልጁን የቀበረው ሆነ።

በኢትዮጵያም ከዚህ የሚመሳሰል ነገር ደርሷል። በአዲስ አበባ ቆሼ በሚባለው ስፍራ የከተማው ቈሻሻ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ሲከመር ኖሮ፥ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ተንዶ በአጠገቡ ጎጆ ሠርተው የሚኖሩትን ድኾች ደፈናቸው፤ ከ110 በላይ ሰዎችም ሞቱ።

በደጋው አገር ጥፋቱ እንዲህ በአንድ ጊዜ ስለማይመጣ ሰው ልብ አይለውም። አንበሳሜ ዋና ከተማው የሆነችለት የደራ ወረዳ ውሃው ከፊሉ ወደ ጉማራ ወንዝና ወደ ጣና፥ ከፊሉም ወደ ዓባይ ይወርዳል። ጉማራ የሚነሣው ከፍታው ከ4,000 ሜትር ከሚበልጠው ከጉና ተራራ ሲሆን፥ በፎገራ ሜዳ አልፎ ጣና ይገባል። በኮረብታው ላይ ሣርና ቍጥቋጦ ባለበት ጊዜ ዝናቡ ወደ መሬት ሰርጎ በበጋ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ኮረብታው በተራቈተ ጊዜ ግን ያው ዝናብ አፈሩን ተሸክሞ በአንድ ቀን ይወርዳል። በላይ ያለው ገበሬ አፈሩን ያጣል፤ በመካከል ያለው ማሳው በቦረቦር ይከፈልበታል፤ በታች ያለውም ሩዙና ቤቱ በደለልና በውሃ ይሸፈንበታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በጣና ዙሪያ በፎገራና በደምቢያ የደረሰው ጎርፍ ብዙ ሕዝብ ከቤቱ አፈናቅሏል። ስለዚህ የላይኛው ኮረብታ ነገር ለታችኛውም ነገሩ ነው።

3. ስለ ምን በአንድ ሰው ጉልበት አይሆንም

አንድ ትጉህ ገበሬ በማሳው ዳር ቦረቦር ቢያይ ድንጋይ ክቦ ይዘጋዋል። በክረምት ግን ከላይ ከወል ግጦሹ የመጣው ጎርፍ ክቡን ጥሶ ያልፋል፤ ገበሬውም ድካሙ ከንቱ ስለሚሆንበት በሚቀጥለው ዓመት ይተወዋል። ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ውሃው የሚነሣው እርሱ በማያዝበት ስፍራ፥ የሚወርደውም በጎረቤቱ ማሳ ስለ ሆነ ነው። ቦረቦር የይዞታ ወሰን አያውቅም። ስለዚህ ወሰን ሁሉ የሚታዘዝለት አንድ ሥልጣን ያስፈልጋል፤ እርሱም የአጥቢያው አስተዳደር ነው።

ከላይ በተነገረው በዌልስ አገር ስዋንሲ የምትባል ከተማ አለች። መዳብ በማቅለጥ በዓለም የታወቀች ነበረች። ከማቅለጫዎቹ የወጣው ጢስ የሸለቆውን ዛፍና ሣር አደረቀው፤ የቀረውም ዝቃጭ እንደ ኮረብታ ተከመረ። ማቅለጫዎቹ ሲዘጉ መሬቱ በብዙ ኩባንያዎች እጅ ተከፋፍሎ ስለ ቀረ ማንም ሊያጸዳው አልቻለም። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1961 የከተማው ዩኒቨርሲቲ፥ ማዘጋጃ ቤቱና መንግሥቱ ተባብረው ጥናት ጀመሩ። ማዘጋጃ ቤቱም መሬቱን ጥቂት በጥቂት እየገዛ ክምሩን አስነሣ፥ ዛፍም አስተከለ። በመትከሉም የትምህርት ቤት ልጆች ተካፍለዋል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፥ ከአካፋው በፊት የይዞታው ነገር መቈረጥ እንዳለበት ነው።

በኢትዮጵያ ሕግም ይኸው ሐሳብ ተጽፏል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456፥ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 እስኪተካ ድረስ፥ ቦረቦር ያለበትን መሬት ባለይዞታዎቹና ጎረቤቶቻቸው፥ እንደ ሁኔታውም የአካባቢው ሕዝብ እንዲያለሙት ያዝዝ ነበር። እንዲሁም ተዳፋቱ ከ60 በመቶ የበለጠ መሬት፥ ማለት በ100 ሜትር አግድም ርቀት ውስጥ ከ60 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ የሚወጣ፥ እንዳይታረስና ከብት እንዳይለቀቅበት፥ ለዛፍና ለመኖ ብቻ እንዲውል ደንግጎ ነበር። ስለ ድንጋይ ካባም በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678 ባለ ፈቃዱ የቈፈረውን መሬት መልሶ እንዲያስተካክል ግዴታ ጥሎበታል። አስተዳዳሪም ፈቃድ በሚሰጥበት ቀን ይህን ካላሳሰበ፥ ድንጋዩ ተጭኖ ከሄደ በኋላ የሚጠየቅ ሰው አያገኝም።

ነገር ግን ሥልጣን ብቻውን አይበቃም። ከ1966 ዓ.ም. ረኀብ በኋላ፥ ይልቁንም በ1970ዎቹ ዓመታት፥ በኢትዮጵያ ደጋ አገር ሕዝቡ ለሥራው እህል እየተሰፈረለት እጅግ ብዙ እርከን ሠራ፤ ብዙ ኮረብታም ተከልሎ ዛፍ ተተከለበት። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት በተለወጠ ጊዜ ግን በብዙ ስፍራ እርከኑ ፈረሰ፤ የወል ዛፉም ተቈረጠ። ያፈረሱት ራሳቸው የሠሩት ሰዎች ነበሩ። ምክንያቱም ዛፉ የመንግሥት እንጂ የእኛ አይደለም ይሉ ስለ ነበር ነው። ሥራው ከላይ ታዘዘ፤ ጥቅሙ ለማን እንደ ሆነ ግን ለሕዝቡ አልተነገረውም፤ ስለዚህ የጠባቂው እጅ በላላ ጊዜ ሥራው አብሮ ላላ።

4. የሥራው ሥርዓት

ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በየዓመቱ በጥርና በየካቲት፥ አዝመራው ከገባ በኋላ፥ ሕዝቡ በዘመቻ ወጥቶ እርከንና ክትር ሲሠራ ኖሯል። ጉልበቱ ሳይባክን እንዲጠቅም የሚከተለው ሥርዓት ሊጠበቅ ይገባል።

ሀ. ሥራው ከላይ ይጀመር። ውሃው ከሚነሣበት ከኮረብታው ራስ ጀምሮ እየወረዱ መሥራት ነው። ከታች የጀመረ ሰው የሚሠራው ለጎርፍ ምሳ ነው።

ለ. እርከኑ ውሃ ልኩን የጠበቀ ይሁን። እርከን አንድ ወገኑ ዝቅ ካለ ውሃውን ሁሉ ወደዚያው ሰብስቦ አዲስ ቦረቦር ይከፍታል። ልኩን ለማወቅ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ሁለት እኩል እንጨቶች ጫፋቸውን አጋጥሞ ማሰርና እግራቸውን መክፈት፤ በመካከላቸውም አንድ አግዳሚ እንጨት ማሰር ነው። ከላይኛው ጫፍ ድንጋይ የታሰረበት ገመድ ይንጠልጠል። መሣሪያውን በሁለት ነጥቦች ላይ አቁሞ ገመዱ በአግዳሚው ላይ ያረፈበትን ምልክት ማድረግ፤ ከዚያም እግሮቹን አለዋውጦ በእነዚያው ነጥቦች ላይ ማቆምና ሁለተኛ ምልክት ማድረግ ነው። የሁለቱ ምልክቶች መካከል ትክክለኛው ልክ ነው። ከዚያ በኋላ ገመዱ በዚህ መካከለኛ ምልክት ላይ በሚያርፍበት ጊዜ ሁለቱ እግሮች የቆሙበት ስፍራ እኩል ከፍታ አለው። ይህን መሣሪያ የትምህርት ቤት ልጆች በአንድ ጧት ሊሠሩት ይችላሉ።

ሐ. ቦረቦር በሕፃንነቱ ይያዝ። በቦረቦሩ ውስጥ የሚሠራው ክትር መካከሉ ከዳርና ዳሩ ዝቅ ያለ ይሁን፤ ውሃው በመካከል እንዲያልፍ ነው። ሁለቱ ጫፎቹ ወደ ግድግዳው ገብተው ይቀበሩ፤ አለዚያ ውሃው በጎን ዞሮ ይወጣል። የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር እግር ጋራ እኩል እንዲሆን እያደረጉ ማራራቅ ይገባል። መረሬ ወይም ዋልካ በሚባለው ጥቁር አፈር ግን ሌላ ነገር አለ። ከባሕር ዳር በስተ ደቡብ በደብረ ማዊ የተደረገው ጥናት እንዳሳየው፥ በሸለቆ ግርጌ ያለው ቦረቦር የሚሰፋው ከላይ በሚመጣው ጎርፍ ብቻ አይደለም፤ መሬቱ ከውስጥ በውሃ ስለሚጠግብ ግድግዳው በራሱ እየተናደ ይወድቃል። ስለዚህ በእንዲህ ያለው ስፍራ ክትር ብቻ አያድንም፤ የቦረቦሩን ራስና ግድግዳ አስተዳፍቶ ሣርና ቍጥቋጦ መትከል ግድ ነው።

መ. የድንጋይ ካባ ሲከፈት ላዩ አፈር ለብቻው ይቀመጥ። ሥራው ሲያበቃ ገደሉ ይተዳፈት፤ ውሃው የሚወጣበት ቦይ ይሠራለት፤ የተቀመጠው አፈርም በላዩ ይመለስ።

ሠ. የተራቈተው ኮረብታ ከከብትና ከመጥረቢያ ይከለል። በመከለል ብቻ ሣሩ በፍጥነት ይመለሳል። ዛፉ ግን የዘር አባት ያስፈልገዋል። በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናት አጸድ በተጠና ጊዜ 168 ዐይነት ዛፍ፥ ቍጥቋጦና ሐረግ ተገኝቶበታል። የአብዛኞቹ የአገር ዛፎች ዘር ግን በአፈር ውስጥ ለረዥም ጊዜ ተቀብሮ እንደማይቆይ ታውቋል። ይህም ማለት የመጨረሻው ዛፍ ከተቈረጠ በኋላ መሬቱ ዛፉን ከራሱ አያወጣውም ማለት ነው። እንግዲህ በደራ እንደሚገኘው እንደ ገላውዴዎስ ያለው አጸድ የጸሎት ስፍራ ጥላ ብቻ አይደለም፤ የአገሩ ሁሉ የዘር ጎተራ ነው። በደቡብ ጎንደር በአንዳንድ ስፍራ ሕዝቡ ከማሳው የለቀመውን ድንጋይ ተሸክሞ በአጸዱ ዙሪያ ካብ ክቧል፤ በዚህም ማሳው ከድንጋይ ጸዳ፥ ችግኙም ከከብት እግር ዳነ።

5. ጥቅሙን አስቀድሞ ስለ መወሰን

ከሥራው ሁሉ የሚከብደው ቁፋሮው አይደለም፤ ፍርዱ ነው። በምሳሌ እንናገር። በአንድ ቀበሌ የወል ኮረብታ ሊከለል ታስቧል እንበል። ዐሥር በሬና ላም ያለው ሰው በማሳው ዳር ሣር፥ በአውድማውም ጭድ ስላለው ኮረብታው ቢዘጋ አይቸገርም። አንዲት ላም ብቻ ያላት፥ ማሳዋን ለእኩል አራሽ የሰጠች መበለት ግን ከዚያ ኮረብታ በቀር ግጦሽ የላትም። ኮረብታው በተዘጋ ዕለት ላሟን መሸጥ አለባት፤ ላሟን ስትሸጥም የልጆቿ ወተትና የምድጃዋ ኩበት አብሮ ይሄዳል። ሦስት ዓመት ጠብቂ፥ ሣሩ ይበዛል ቢሏት፥ ሦስት ዓመት የሚያቆያት የላትም። በሌሊት ላሟን አስገብታ ብታስግጥ ሌባ ትባላለች፤ ኮረብታውን የዘጋው ጉባኤ ግን ስለ እርስዋ አልተማከረም ነበር።

ስለዚህ አንድ ድንጋይ ከመነሣቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎች በጉባኤ ተነሥተው መልሳቸው በጽሕፈት ይቀመጥ። ይህ መሬት እስከ ዛሬ የሚጠቅመው ለማን ነበር? ሥራውን የሚሠራው ማን ነው? ሣሩንና እንጨቱን የሚወስደውስ ማን ነው? የመጀመሪያውና የሦስተኛው መልስ ፈጽሞ የተለያየ ከሆነ፥ ያ ሥራ ልማት ሳይሆን ከአንዱ ወስዶ ለሌላው መስጠት ነው።

መድኀኒቱም ብዙ ወጪ የለውም። ኮረብታው በአንድ ጊዜ ሁሉ አይዘጋ፤ ተከፋፍሎ በተራ ይከለል። ሣሩም በመጀመሪያው ዓመት እንኳ በማጭድ እየታጨደ በሸክም ይውጣ እንጂ ከብት አይግባ። ክፍፍሉ በከብት ቁጥር አይሁን፤ በቤተ ሰብ ይሁን፥ ድኾችም ይቅደሙ። መሬት ያጡ ወጣቶች በዳነው ኮረብታ ንብ እንዲያነቡ፥ ዛፍ እንዲተክሉ ሲሰጣቸው ወሰኑና ዘመኑ በመሬት ደብተር ይጻፍ። ደንቡን የጣሰ የሚቀጣው በራሱ በጉባኤው በተወሰነው ቅጣት ይሁን፤ ሹምም ቢሆን ከብቱ ከገባ እንደ ሌላው ይቀጣ። አንድ የሹም በሬ በዝምታ ካለፈ ካቡ ሁሉ እንደ ፈረሰ ይቈጠራል።

እንዲህ ያለው ሥራ ፍሬ እንደሚሰጥ የታወቀ ነው። በትግራይ የአብርሃ ወአጽብሓ ሕዝብ በደንብና በጉልበት ተባብሮ ተራቁቶ የነበረውን መሬቱን በማዳኑ፥ ደርቀው የነበሩ ጉድጓዶችም ውሃ በመስጠታቸው፥ በ2004 ዓ.ም. ከተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የኢኳተር ሽልማት ተቀብሏል።

6. የአስተማሪውና የሽማግሌዎች ድርሻ

ሽማግሌ የመሬቱ መዝገብ ነው። ኮረብታው በየትኛው ዘመን ምን ዛፍ እንደ ነበረበት፥ የደረቀው ምንጭ የት እንደ ነበረ፥ ወሰኑ በየት እንደሚያልፍ የሚያውቀው እርሱ ነው። ይህን ሳይናገር ቢሞት፥ አንድ መጽሐፍ እንደ ተቃጠለ ነው። ስለዚህ አስተማሪው ሽማግሌዎችን እየጠየቀ ነገሩን በደብተር ይጻፍ።

አስተማሪውም በበኩሉ በየዓመቱ ሰኔ ከመግባቱ በፊትና በመስከረም ልጆቹን ይዞ በትምህርት ቤቱ አቅራቢያ ያለውን ቦረቦር ይለካ። ርዝመቱን፥ ስፋቱንና ጥልቀቱን ከነቀኑ ይመዝግብ፤ ቦረቦሩ ወደ ትምህርት ቤቱ፥ ወደ መንገዱ ወይም ወደ ምንጩ ስንት ክንድ እንደ ቀረበ ለቀበሌው በጽሕፈት ያስታውቅ። የቀበሌው ሹምም እንዲህ ያለውን ጽሕፈት ሲቀበል፦ ይህ የእኔ ክፍል አይደለም አይበል። የአበርፋኑ መሐንዲስ ጽፎ ነበር፤ የጎደለው የጻፈውን ሰምቶ የሚፈጽም ነው።

የተጣለ መሬት ባለቤቱ ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፥ መልሱ፦ ጎርፉ ነገ የሚደርስበት ሰው ሁሉ ነው።

ለልጆች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

1. የተጣለ መሬት ከጠፍ መሬትና ጦም ካደረ ማሳ በምን ይለያል?
2. በአበርፋን ማስጠንቀቂያው ተጽፎ ሳለ ጥፋቱ ያልተከለከለው ስለ ምንድር ነው?
3. የእርከን ሥራ ከኮረብታው ራስ የሚጀመረው ስለ ምንድር ነው?
4. በ1983 ዓ.ም. ሰዎች ራሳቸው የሠሩትን እርከን ያፈረሱት ስለ ምን ነበር?
5. አንዲት ላም ብቻ ያላት መበለት እንዳትጎዳ የቀበሌው ጉባኤ ምን ምን ሊወስን ይገባዋል? ልጆቹ በሁለት ወገን ሆነው ይከራከሩ፤ ሽማግሌም ተጠርቶ ይስማቸው።